ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሕገ መንግሥታዊ መብት አለውን? ስለ ፍተሻ፣ ስለ ዝምታና ስለ ጠበቃ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግሪን ካርድ ካገኘሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ለዜግነት ፈተናም እየተዘጋጀሁ ነው። መተዳደሪያዬ ሹፍርና ሲሆን ተሳፋሪ አመላልሳለሁ። ባለፈው ሌሊት ከሥራ ስመለስ መስመር ስትቀይር ፍሬቻ አላሳየህም ብሎ ፖሊስ አስቆመኝ። መንጃ ፈቃዴን አይቶ ከመለሰልኝ በኋላ ‹መኪናውን ባየው ቅር ይልሃል?› አለኝ። ‹ችግር የለም ጌታዬ› አልኩት። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ሳይቀር በረበረ፤ ምንም አላገኘም፤ በቃል ማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ‹አባዬ፣ እኮ የሕገ መንግሥቱ አራተኛው ማሻሻያ አለ፤ እምቢ ማለት ትችል ነበር› ትለኛለች። የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሕገ መንግሥቱ ለዜጋ ነው፤ አንተ እንግዳ ነህ፣ ዝም ብለህ ታዘዝ› ይለኛል። በፊልም እንደምናየው ‹ዝም የማለት መብት አለህ› ብሎ ያነበበልኝ ነገርም የለም። ማንኛቸው ናቸው ትክክል?»

መልስ፦ ልጅዎ ትክክል ናት። ጓደኛዎ በዋናው ነገር ተሳስቷል፤ በአንድ ጎኑ ግን ሳያስበው እውነት ነክቷል፣ እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። ፖሊሱም ቢሆን፣ እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ ሕግ የጣሰ አይመስልም። ሦስቱ እንዴት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ለማየት ጥቂት ፍርዶችን ማንሳት ግድ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የምለው ጠቅላላውን ሕግ እንጂ የአንድን ሰው መዝገብ አይመለከትም፤ ክስ ያለበት ሰው መዝገቡን ይዞ ወደ ጠበቃ ይሂድ።

ከጓደኛዎ ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ ለዜጋ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ በየቡና ቤቱና በየታክሲ መቆሚያው እሰማዋለሁ፤ የሚያስቆጨኝም ጉዳዩ በ1886 ያለቀ መሆኑ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደር በ1880 በእንጨት ቤት ውስጥ ልብስ አጥቦ የሚያድር ሰው ሁሉ ልዩ ፈቃድ ያውጣ ብሎ ደነገገ። ሰበቡ የእሳት አደጋ ነበር። በከተማዋ ከነበሩት 320 ያህል የልብስ ማጠቢያ ቤቶች 310 ያህሉ የእንጨት፣ 240 ያህሉ ደግሞ የቻይናውያን ነበሩ። ፈቃድ የጠየቁት ሁለት መቶ ያህል ቻይናውያን አንድ ሳይቀር ተከለከሉ። ቻይናዊ ያልሆኑት ሰማንያ ያህል አመልካቾች ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ዪክ ዎ በዚያው ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ፣ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪዎች መርምረው ያለፉት ሰው ነበር። ሥራውን አላቆምም በማለቱ ዐሥር ዶላር ተቀጣ፤ ባለመክፈሉም ታሰረ። ልብ ይበሉ፣ ይህ ሰው ዜጋ አለመሆኑ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሕግ ቻይናዊ ዜግነት ጠይቆ የሚያገኝበት በር ተዘግቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደለት። ዐሥራ አራተኛው ማሻሻያ ሕጋዊ ሥርዓት ሳይከበር ሕይወቱን፣ ነፃነቱንና ንብረቱን እንዳይነጠቅ፣ የሕግ እኩል ጥበቃም እንዳይነፈግ የሚከላከለው «ማንኛውንም ሰው» ነው፤ ይህም በዘር፣ በቀለምም ሆነ በዜግነት ሳይለይ በአገሪቱ ግዛት ያለውን ሁሉ ይመለከታል አለ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ የውጭ አገር ሰው ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ሳይፈርዱበት የጉልበት ሥራ ሊፈረድበት አይችልም ብሎ የወንጀል ተከሳሽን መብት የሚጠብቁትን አምስተኛውንና ስድስተኛውን ማሻሻያ ጨመረበት።

የብርበራ ነገር የተጻፈበት አራተኛው ማሻሻያ «ማንኛውም ሰው» በማለት ፋንታ «ሕዝቡ» ነው የሚለው፤ ነገር ለሚፈልግ ሰው ክፍተት ይመስላል። ፍርድ ቤቱ በ1990 ሲተረጉመው የአገሪቱ ማኅበረሰብ አካል የሆነ ወይም ከአገሪቱ ጋር በቂ ቁርኝት ያለው ሰው «ሕዝቡ» ውስጥ ይገባል አለ። በሕጋዊ ነዋሪነት አራት ዓመት ኖሮ፣ ግብር ከፍሎ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ሹፌር ካልገባ ማን ሊገባ ነው?

ለዜጋ ብቻ የተለዩት ጥቂት ናቸው፦ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት፣ ለፌዴራል ሥልጣን መወዳደር፣ በፌዴራል ጁሪ መቀመጥ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት መያዝ። ለፈተናው የሚያጠኑት መጽሐፍ ውስጥ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ሁሉ ያሉትን መብቶች ጥቀስ የሚል ጥያቄ ያገኛሉ። መልሶቹ የመናገር፣ የመሰብሰብ፣ የሃይማኖት ነፃነትና የመሳሰሉት ናቸው። ጓደኛዎ ዜግነት አግኝቶ ከሆነ ይህን ጥያቄ እንዴት እንዳለፈው እንጃ።

አሁን ወደ መኪናዎ። ፖሊሱ «ባየው ቅር ይልሃል?» ሲልዎ የጠየቀው ፈቃድ ነበር። ሲፈቅዱለት አራተኛው ማሻሻያ ከመካከላችሁ ወጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ እምቢ ማለት እንደሚቻል የመንገር ግዴታ ፖሊሱ የለበትም። ይህን ያጸናው ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ ጉዳይ ነው። ሰኒቬል በምትባል ከተማ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ አንድ የፊት መብራትና የሰሌዳ መብራት የማይሠሩለት መኪና ስድስት ሰዎች ጭኖ ሲሄድ ፖሊስ ያስቆመዋል። ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ መኪናው የወንድሜ ነው አለ። ፖሊሱ ልፈትሽ? ሲለው እሺ ብሎ የኋላውን መጫኛ ራሱ ከፈተለት። ከኋላው ወንበር ሥር ከመኪና ማጠቢያ ድርጅት የተሰረቁ ሦስት ቼኮች ተጨምድደው ተገኙ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቃዱ ሳይገደድ የተሰጠ እስከሆነ ድረስ ሰጪው እምቢ የማለት መብቱን ባያውቅም ይጸናል ብሎ ፈረደ። ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል በልዩነት ሐሳባቸው ሰው ያላወቀውን መብት እንዴት አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል ብለው ተከራከሩ። እኔ የማርሻልን ወገን ነኝ፤ ሕጉ ግን የአብላጫው ነው። በ1996 ደግሞ የትራፊክ ጉዳዩን የጨረሰ ፖሊስ «መሄድ ትችላለህ» ሳይል ፈቃድ ቢጠይቅም ፈቃዱ አይፈርስም ተባለ። የእርስዎ ሌሊት ማለት ይህ ነው። ወረቀትዎን ከመለሰልዎ በኋላ ነው የጠየቀዎት።

የሕጉ አሠራር እንዲህ ከሆነ በእኛ ላይ የሚብስበት ምክንያት አለው። ባደግንበት አገር ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው እምቢ ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሰው ሲያናግረን ራሳችንን እየነቀነቅን «እሺ፣ እሺ» ማለትም ልማዳችን ነው፤ እየሰማሁ ነው ማለታችን ነው። ፖሊሱ ግን በሪፖርቱ ላይ «ፈቀደ» ብሎ ይጽፋል። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት በአስተርጓሚነት ስሠራ የፖሊስ ቪዲዮ ፍርድ ቤት ውስጥ ሲታይ ይህን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥያቄው ገና ሳያልቅ ጭንቅላት ይነቀነቃል፤ እጅ ወደ በሩ ይዘረጋል። ዳኛው ቋንቋ መቸገርን እንደ አንድ ነገር ያየዋል እንጂ ነቅናቂውን ሁሉ አያድንም።

«የሚደበቅ ነገር የለኝም፤ ቢፈትሽ ምን ይጎዳኛል?» የሚሉኝ አሉ። ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሰው ይህን ባይል ይሻለዋል። በዚያች ሌሊት በኋላ ወንበርዎ ስንት ሰው ተቀምጦ ወረደ? ከወንበሩ ሥር ምን እንደወደቀ፣ አንዱ የረሳው ቦርሳ ምን እንደያዘ ያውቃሉ? ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ ከተፈረደበት፣ ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 30 ግራም ማሪዋና አንድ ጊዜ ብቻ ከመያዝ በቀር፣ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ያለ ፈቃድና ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛቶች ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት እንዳይኖረው በ1961 በዶልሪ ማፕ ጉዳይ ተወስኗል። በፈቃድ የተገኘ ማስረጃ ላይ ግን ጠበቃዎ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ታዲያ እንዴት ይባላል? ፖሊስ ሲያስቆም መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ምዝገባና ኢንሹራንስ ይሰጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ውረድ ካለ ይወረዳል፤ ከ1977 ጀምሮ ሹፌርን ከመኪና ማስወረድ ለፖሊስ የተፈቀደ ነው። የመፈተሽ ጥያቄ ሲመጣ ግን በለሰለሰ ድምፅ፣ እጅን መሪው ላይ እንዳደረጉ፣ «ይቅርታ፣ ለፍተሻ ፈቃድ አልሰጥም» ማለት ይቻላል። ዐረፍተ ነገሯን በእንግሊዝኛ ልጅዎ ታስጠናዎት። እምቢ ማለት ብቻውን ለጥርጣሬ መነሻ እንደማይሆን በ1991 ተፈርዷል። ፖሊሱ አሳማኝ ምክንያት ካለው፣ ለምሳሌ በመስኮት የሚታይ ሕገ ወጥ ነገር ካለ፣ ከ1925 ጀምሮ መኪናን ያለ ማዘዣ መፈተሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ እጅዎን አያንሡ፣ በሩንም አይያዙ። «አልፈቀድኩም» የሚለው ቃል በካሜራው ተቀድቶ ይቀመጥ፤ ክርክሩ የሚካሄደው ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ «መሄድ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። የትራፊክ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰው ማቆየት እንደማይቻል የተወሰነው በ2015 ነው። በነብራስካ ግዛት አንድ ሹፌር የማስጠንቀቂያ ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ አነፍናፊ ውሻ በመኪናው ዙሪያ እስኪዞር ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰባት ደቂቃም ቢሆን በዛ አለ።

ስልክዎን ካነሱ ደግሞ ሕጉ ከመኪና ይልቅ ለስልክ ይራራል። በ2014 በአንድ ድምፅ እንደተወሰነው የታሰረን ሰው ስልክ እንኳ ለማየት የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል። ይህ አገር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ መጥተው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ግን ድንበር ላይ ነዎት፤ የጉምሩክ መርማሪ ሻንጣ ለመክፈት ማዘዣ አይፈልግም።

የፊልሙ ነገር ይከተላል። ፖሊሱ ያንን ማስጠንቀቂያ ያላነበበልዎት ግዴታ ስላልነበረበት ነው። ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ብቻ ነው፦ ሰውየው በቁጥጥር ሥር ሲሆንና ምርመራ ሲደረግበት። የተለመደ የመንገድ ላይ ማስቆም በቁጥጥር ሥር መዋል አይደለም ተብሎ በ1984 ተፈርዷል።

የማስጠንቀቂያው ባለቤት ኤርኔስቶ ሚራንዳ በ1963 አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማ ተይዞ ሁለት ሰዓት ያህል ከተመረመረ በኋላ የእምነት ቃሉን በእጁ ጽፎ የፈረመ ሰው ነው። የፈረመበት ቅጽ መብቴን አውቄ ነው የሚል ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ታትሞበት ነበር፤ መብቱን የነገረው ግን የለም። በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ የእምነት ቃሉን ውድቅ አደረገ። ብዙ ሰው ሚራንዳ ነፃ የወጣ ይመስለዋል። አልወጣም። ያለዚያ ወረቀት እንደገና ተከሶ እንደገና ተፈረደበት። በአመክሮ ከተፈታ በኋላ ፖሊሶች ኪሳቸው የሚይዙትን የማስጠንቀቂያ ካርድ እየፈረመ ይሸጥ ነበር፤ በ1976 ፊኒክስ ውስጥ መጠጥ ቤት ውስጥ በስለት ተወግቶ ሞተ።

የሚራንዳን ስም ሁሉም ያውቀዋል። ከእሱ በኋላ የመጡትን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሰው የሚጎዳው ደግሞ በእነሱ ነው። ሚሺጋን ውስጥ በግድያ የተጠረጠረ ቶምፕኪንስ የሚባል ሰው ጉዳይ አለ። መብቶቹ ተጽፈው ተሰጡት፤ እንግሊዝኛ ማንበብ መቻሉን ለማረጋገጥ አንዱን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ተደረገ፤ አነበበ፤ ፈርም ሲባል አልፈርምም አለ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ዝም አለ። በመካከል የተናገረው የቀረበለትን ከረሜላ እንደማይፈልግና ወንበሩ እንደሚቆረቁረው፣ አልፎ አልፎም «አዎ» እና «አይደለም» ነበር። በመጨረሻ መርማሪው በእግዚአብሔር ታምናለህ? አለው። አዎ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትጸልያለህ? አዎ። ያንን ልጅ ተኩሰህ ስለመግደልህ ይቅር እንዲልህ ትጸልያለህ? አዎ ብሎ ፊቱን አዞረ። በዚያች ቃል የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ፍርዱን አጸና፦ ዝም የማለት መብቱን መጠቀም ከፈለገ በግልጽ ቃል መናገር ነበረበት፤ ሦስት ሰዓት ዝም ማለቱ መናገር አይደለም። ዳኛ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው፣ ዝም ለማለት መናገር ግድ የሆነበት ሕግ አመጣችሁ አሉ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ የሳሊናስ ጉዳይ መጣ። ሳሊናስ ሂውስተን ውስጥ በሁለት ወንድማማቾች ግድያ ምክንያት፣ ሳይታሰር፣ በፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚጠየቀውን ይመልስ ነበር። የተገኙት ቀለሆች ከአንተ ጠመንጃ ጋር ይገጥሙ ይሆን? ሲባል ዝም አለ፤ ወለል ወለሉን አየ፣ እግሩን አንቀሳቀሰ፣ የታች ከንፈሩን ነከሰ። ዐቃቤ ሕጉ ይህንን ዝምታ ለጁሪው የጥፋተኝነት ምልክት አድርጎ አቀረበው፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከለከልኩ አላለም። መብቴን ተጠቅሜያለሁ ሳይል ነው ዝም ያለው ተባለ።

ከልጅነታችን የተማርነው ዝም አይነቅዝም ነው። እዚህ ይነቅዛል።

ጠበቃ መጠየቅም እንዲሁ ነው። አንድ የባሕር ኃይል ባልደረባ ምርመራው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከገፋ በኋላ «ምናልባት ጠበቃ ባናግር ይሻላል» አለ። በ1994 ፍርድ ቤቱ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ «ምናልባት» ያለ ሰው ጠበቃ ጠየቀ አይባልም አለ። ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር የእኛን ሽማግሌዎች አስባለሁ። ትሑት ሰው «ጠበቃዬን አምጡ» አይልም፤ «ካላስቸገርኩ፣ ጠበቃ ቢኖር መልካም ይመስለኛል» ነው የሚለው። ጨዋነቱ በሰፈር ያስከብረዋል፤ በምርመራ ክፍል ግን መብቱን ያስቀርበታል። መባል ያለበት ያለ «ምናልባት»፣ ያለ «ቢሆን» ነው፦ «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ። ጠበቃ እፈልጋለሁ።» ከዚያ በኋላ በእርግጥ ዝም ማለት ነው፤ ስለ አየሩም፣ ስለ እግዚአብሔርም አይወራም።

ነገሩ እንግዳ እንዳይሆንብዎ፣ በአገራችን «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል ነበረን። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎችን አንድ አላፊ አግዳሚ በሕግ አምላክ ካላቸው መቆም ነበረባቸው፤ ባላጋራውን በዚህ ቃል አስቁሞ ወደ ዳኛ የሚወስድም ነበር። ቃሉ ኃይል የሚያገኘው ጮክ ተብሎ ሲነገር ነው፤ በሆዱ «በሕግ አምላክ» ያለን ሰው የሰማው አልነበረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ያደረገው ይህንኑ ነው፦ መብቶቹን አልሻራቸውም፤ ሲጠሩ ብቻ የሚመጡ አድርጓቸዋል። ማን ጮክ ብሎ መጥራት ይችላል ቢሉ፣ ቋንቋውን አሳምሮ የሚናገር፣ ባለሥልጣን የማያስፈራው፣ ጠበቃ ዘመድ ያለው ነው። ቅሬታዬ በዚህ ላይ ነው።

ጓደኛዎ እውነት የነካበት ቦታ ቀርቷል። በወንጀል ፍርድ ቤት እርስዎና ዜጋው እኩል ናችሁ። ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ በመንግሥት ወጪ ይቆምልዎታል፤ ይህ በ1963 ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ድሃ እስረኛ ከፍሎሪዳ እስር ቤት በእርሳስ ጽፎ በላከው አቤቱታ የተገኘ መብት ነው። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰውን ከአገር ማስወጣት ቅጣት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው ተብሎ ከ1893 ጀምሮ ተይዟል። በዚህ የተነሣ ጠበቃ ይዘው መቅረብ ይችላሉ፤ የሚከፍልልዎ ግን የለም። ያለ አግባብ በተደረገ ፍተሻ የተገኘ ማስረጃ በወንጀል ችሎት ሲጣል፣ በኢሚግሬሽን ችሎት ግን በአብዛኛው እንደሚቀበሉት በ1984 ተወስኗል። ዝምታም ቢሆን፣ ዳኛ ብራንዳይስ በ1923 በጻፉት ፍርድ፣ ከአገር በማስወጣት ክርክር ውስጥ በዝምተኛው ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ችሎቶች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ደንባቸው ግን የሁለት አገር ያህል ይራራቃል።

ለዚህ ነው የሆሴ ፓዲያን ጉዳይ እያንዳንዱ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው። በሆንዱራስ የተወለደ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በቋሚ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የተዋጋ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኬንታኪ ውስጥ ማሪዋና ጭኖ ተያዘ። ጠበቃው «ብዙ ጊዜ ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» ብሎ መከረው፤ እሱም አምኖ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ያ ቃል ከአገር መባረርን የማይቀር የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰባት ለሁለት ድምፅ፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን ከአገር የሚያስወጣ መሆኑን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ከዚያ ወዲህ መብቱ የእርስዎ ነው፤ ግን ጠበቃው ዜግነትዎን ካልጠየቀዎት ራስዎ ይንገሩት። ስምዎ እንግሊዝኛ ስላልሆነ ይገምታል ብለው አይተዉት። ትንሽ ቅጣት ከፍዬ ልገላገል የሚለው ፈተና በተለይ ለሹፌር ብርቱ ነው፤ አንድ ቀን ችሎት መዋል አንድ ቀን ደመወዝ ነውና። ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበውን ስምምነት ከመፈረምዎ በፊት አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

ስለ ራስዎ ጉዳይ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን 400 የሚባለው ቅጽ፣ በፖሊስ ተይዘው ወይም ተከሰው እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ዝም የማለት መብት አይጠቅምዎትም፤ የሚለምኑት እርስዎ ስለሆኑ ማስረዳቱም የእርስዎ ነው። መዋሸት ደግሞ ከዝምታ የባሰ ነው። ዜግነት ከተሰጠ ከዓመታት በኋላ እንኳ ለውሳኔው ክብደት የነበረው ሐሰት ከተገኘ ዜግነቱ ሊነጠቅ እንደሚችል በ2017 የተሰጠው ፍርድ ያሳያል። በዚያ ሌሊት አልታሰሩም፣ በጽሑፍ የተሰጠዎት ነገርም የለም፤ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር አላይበትም። ሆኖም ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን አሁኑኑ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ቅጹን የሚሞላልዎ ሰውም ይህን ታሪክ ይስማ። ያ ሰው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጠው ወኪል መሆኑን ያረጋግጡ፤ በየሱቁ ቅጽ የሚሞላ ሁሉ ሁለቱንም አይደለም። ግሪን ካርድዎን ቤት አይተዉት፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ቋሚ ነዋሪ ሁልጊዜ ይዞት እንዲሄድ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ምርጫ ሲደርስም ማንም ጎትቶ ለድምፅ መስጫ ቢያስመዘግብዎ እምቢ ይበሉ፤ መሐላውን ሳይፈጽሙ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ አላወቅኩም የሚለውም በቀላሉ አይሰማም።